የገጠር ትምህርት ቤቶች ደረጃ እንዴት ይነበባል?

ድሬዳዋ፦ በዋሂል፣ በጀልዴሳ፣ በቢዮአዋሌና በአሰሊሶ የገጠር ክላስተሮች ለሚኖር ወላጅ ልጁ የሚማርበትን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ርቀት ነው። የትምህርት ቤቱን የኢንስፔክሽን ደረጃ ማወቁ ግን ምን መሟላት እንዳለበት ለመጠየቅ ያስችለዋል።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ። ከመቶው 25 ለግብዓት፣ 35 ለመማር ማስተማር ሂደት፣ 40 ለውጤት ተመድቧል። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያልደረሰ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያልደረሰ ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይሰጠዋል።

ሆኖም ደረጃው ብቻውን የትምህርት ቤቱን ችግር አያሳይም። ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች እኩል 65 ነጥብ አገኙ እንበል። አንደኛው በግብዓት 10፣ በሂደት 23፣ በውጤት 32፤ ሁለተኛው በግብዓት 22፣ በሂደት 21፣ በውጤት 22 አስመዝግበዋል። ሁለቱም ደረጃ 2 ናቸው። የመጀመሪያው የሚያስፈልገው የመማሪያ ክፍል፣ ውኃና መጽሐፍ ሲሆን፣ የሁለተኛው ጉድለት ያለው በማስተማሩና በተማሪዎች ውጤት ላይ ነው። ለሁለተኛው ተጨማሪ ክፍል መገንባት ችግሩን አይፈታም፤ የመጀመሪያውን መምህራን በሥልጠና ማብዛት ብቻም ውኃ አያስገኝም።

ስለዚህ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ከርዕሰ መምህሩ ሊጠይቅ የሚገባው ደረጃውን ብቻ ሳይሆን የሦስቱንም ዘርፎች ነጥብ ነው። የቀበሌው በጀትና የኅብረተሰቡ መዋጮ በትክክለኛው ቦታ የሚውለው ጉድለቱ በየትኛው ዘርፍ እንዳለ ሲታወቅ ነው።