ከኮዬ ፈጬ እስከ ሜክሲኮ፦ ረጅሙ መንገድ ሰውነታችንን ምን እያደረገው ነው?

ዛሬ ስለ ስኳር፣ ስለ ግፊትና ስለ ሽንት ቧንቧ ነው የማወራችሁ፤ ግን የምጀምረው ከታክሲ ሰልፍ ነው። “ዶክተር ደግሞ የመንገድ ነገር ምን አገባው?” የምትሉኝ አትጠፉም። የሚያገባኝማ፣ ታካሚዎቼን “ቁርስ ስንት ሰዓት ነው? መድኃኒቱን መቼ ነው የምትውጪው? መቼ ትተኛለህ?” ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ “እንደ ትራንስፖርቱ ነው” የሚል ስለሆነ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ አንዲት እናት እናስብ። ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ ለመግባት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ትይዛለች፤ ለዚያ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ትነሳለች። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ወጥታ ቤቷ ስትደርስ 2 ሰዓት ይሆናል። እራት፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ ለነገ ምሳ ዕቃ ማዘጋጀት አለ። አልጋ ላይ ስትወጣ 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ የምትተኛው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። በሰልፍና በመንገድ የሚያልፈው ጊዜዋ ደግሞ በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 25 ሰዓት ነው። እንግዲህ እሷን “ለግፊትሽ ስፖርት ሥሪ” ብሎ መምከር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት!

ይሄ የሷ ስንፍና አይደለም፣ የከተማው አሠራር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች እያደር ወደ ዳር ሄዱ፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ሥራው፣ ትልልቁ ሆስፒታልና መሥሪያ ቤቱ ግን አብዛኛው መሐል ላይ ቀረ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ካርታው ላይ እዩት፤ ባቡሩ አያትና ቃሊቲ ላይ ሲቆም አዲሶቹ ሰፈሮች ገና ከዚያ ወዲያ ናቸው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹም በመለዋወጫ እጥረት ቆመው ከርመዋል።

ሌላው ችግር፣ ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። አውቶቡሱ ሞልቶ ይመጣና ባዶውን ይመለሳል። ባለታክሲው ታዲያ ባዶ ላለመመለስ መንገዱን ይቆራርጠዋል፤ በአንድ ታፔላ መድረስ የነበረበት ሰው ሦስት ቦታ ይሰለፋል፣ ሦስት ጊዜ ይከፍላል። በዚያ ላይ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በሌላ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ሰዉ ግን በየቀኑ ወሰኑን እየተሻገረ ነው የሚሠራው። የሁለቱን ወገን መንገድ፣ አውቶቡስና ጤና ጣቢያ በአንድ ላይ ሳያዩ ማቀድ፣ የታካሚን ግማሽ አካል መርምሮ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው የሚሆንብኝ።

ወደ ሰውነታችን እንምጣ። መጀመሪያ ሽንት። ብዙ እህቶቼ “መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም” ብለው ከጠዋት እስከ ምሳ ውሃ አይጠጡም። ልክ ናቸው፣ የለም! ያለውም የሚገባበት አይደለም። ግን ውሃ ማነስና ሽንት መያዝ ሲደጋገም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ የውሃ ማነስ ለኩላሊት ጠጠርም መንገድ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ጥናት፣ ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸውና ውሃ እምብዛም የማይጠጡ ሴቶች በቀን 1.5 ሊትር ውሃ ሲጨምሩ ሕመሙ በግማሽ ያህል ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ መጠጣት ካልተቻለ ቢሮ እንደደረሳችሁ ጀምሩ፤ ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ቀነስ አድርጉና ሽንት ቤት ገብታችሁ ውጡ። (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ ፈሳሽ ቀንሱ የተባላችሁ ግን ይሄ ምክር እናንተን አይመለከትም።)

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የግፊት መድኃኒት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውና የሚያሸናው ኪኒን ከተወሰደ በ2 ሰዓት ገደማ መሥራት ይጀምራል። ይሄ ማለት ቤት ውጣችሁት ስትወጡ ልክ መገናኛ ስትደርሱ ያጣድፋችኋል። ብዙ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? “ዛሬ ረጅም መንገድ አለብኝ” ብሎ ይዘለዋል። በሳምንት አምስት ቀን ረጅም መንገድ ላለበት ሰው ይሄ መድኃኒት ማቆም ነው! እባካችሁ አትዝለሉት። ለሐኪማችሁ የምትወጡበትንና የምትገቡበትን ሰዓት ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ማዛወር ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል። ካልነገራችሁት አያውቅም።

አሁን የምለውን ግን አደራ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ዘመድ ላላችሁ ሁሉ አድርሱልኝ። ኢንሱሊን ቤት ወግቶ “ቁርስ ቢሮ እበላለሁ” ብሎ የወጣ ሰው፣ ታክሲ ጠፍቶ ወይም መንገድ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ቢቆም ስኳሩ ይወርዳል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይጠፋበታል። ተሳፋሪው ደግሞ “በጠዋት ጠጥቶ ነው” ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ረዳቱም ያወርደዋል። ቤተሰብ፣ ይሄ ሰው የሚሞተው ሰው መሐል ሆኖ ነው። ራሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳ ስጡት። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙለት። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም። ባለ ኢንሱሊኖች ደግሞ ቁርስ ሳትበሉ ሰልፍ አትያዙ፤ ከረሜላ ከኪሳችሁ፣ “የስኳር ታካሚ ነኝ” የሚል ወረቀት ከመታወቂያችሁ ጋር አይጥፋ።

የታክሲ መስኮትስ? “ዝጉት፣ ንፋስ ይመታኛል!” የማይል ተሳፋሪ ያለበት ታክሲ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ቲቢና ጉንፋን ግን የሚወዱት የተዘጋና የታጨቀ ቦታ ነው። ትርፍ ተጭኖ፣ አንዱ እያሳለ፣ መስኮቱ ተዘግቶ አንድ ሰዓት መሄድ ለባክቴሪያው ድግስ ነው። ጥቁር ጭስ የሚያወጣ መኪና ከፊት ካለ ለጊዜው ዝጉት፣ ሲያልፍ ክፈቱት። ብርድ የሚፈራ ነጠላውን ወይም ጃኬቱን ይደርብ።

ስለ እግረኛም ሳልናገር አላልፍም፤ በከተማችን ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፣ በትራፊክ አደጋ የሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የተገጨው እግረኛ የመሞት ዕድል ከ4 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነሻና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለእኔ የከተማ ጌጥ ሳይሆን ክትባት ነው። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የእግረኛ መንገድ ደስ ይላል፤ ሰልፉ የሚረዝመው ግን ዳር ነው፣ እዚያም ይድረስ።

ነፍሰ ጡሮች፣ እናንተን ለመጨረሻ ያቆየኋችሁ ረስቼ አይደለም። እናቶች ለምን ይሞታሉ ሲባል እኛ ጤና ባለሙያዎች “ሦስቱ መዘግየቶች” እንላለን፦ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ አገልግሎት ለማግኘት መዘግየት። ሁለተኛው ያው የመንገድ ጉዳይ ነው። ከተማ ዳር የምትኖሩ ከ8ኛው ወር በፊት ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ በሌሊት እንደሚያዋልድ፣ ሪፈር ቢያደርግ ወዴት እንደሚልክ ሄዳችሁ ጠይቁ። መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ያዙ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደም ከፈሰሰ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ለግፊትና ለስኳር ክትትል በየወሩ መሐል ከተማ የምትመላለሱም፣ ሁኔታችሁ የተረጋጋ ከሆነ ወደ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ እንዲያዛውሯችሁ ወይም ቀጠሮውን እንዲያራዝሙላችሁ ጠይቁ።

በሉ፣ መስመራችሁንና የምትነሱበትን ሰዓት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስለ ኢንሱሊን ሰዓት ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ማታ ቤት ስገባ እመልሳለሁ።