በቦርድ ላይ የመዳብ መሥመሮች ምን ያህል ይራራቁ?

የ220 ቮልቱን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ለቤተ ሙከራ በገዛ እጅ ሠርቶ ማቅረብ ለሳይንስ መምህር የሚያዳግት ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመሩ ቦርዱ ላይ ከተበየደ፣ መዳፍ በማትሞላ ቦርድ ላይ 220ውና 12ቱ ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው። በ12ቱ በኩል ሽቦ የሚይዘው ደግሞ ተማሪው ነው። ታዲያ በሁለቱ መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ እንተው?

ኤሌክትሪክ ካንዱ መሥመር ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አየሩን ሰንጥቆ ነው፤ ሁለተኛው የቦርዱን ገጽ ተከትሎ ነው። አሞራ ገደሉን በቀጥታ ትሻገራለች፣ እግረኛ ግን ወርዶ ይወጣል። እኛም የመጀመሪያውን የአየር ርቀት፣ ሁለተኛውን የገጽ ርቀት እንበላቸው።

ስለ አየሩ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፓሸን በ1889 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ብልጭታ የሚነሣበት ቮልት በርቀቱና በአየሩ ግፊት ይወሰናል። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሮኑ ሳይጋጭ ብዙ ስለሚሮጥ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ብልጭታውም ይቀለዋል። በአየር ውስጥ ግን ከ327 ቮልት ገደማ በታች ብልጭታ አይነሣም። የ220 ቮልት ጫፍ 311 ብቻ ነው። እንግዲያስ ምን ያስፈራል? የሚያስፈራው መብረቅ ነው! ክረምት ላይ መብረቅ በመሥመሩ አቅራቢያ ሲወድቅ ለቅጽበት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ወደ ሶኬቱ ይመጣል። አይኢሲ 60664 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሶኬት ላይ ለሚሰካ መሣሪያ 2,500 ቮልት ገምቶ 1.5 ሚሊ ሜትር ያዛል፤ ሰው የሚነካውን ወገን ለመለየት ግን 4,000 ቮልት ገምቶ 3 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል።

ይህ ቁጥር የሚያገለግለው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። በ3,000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። ቻግኒ ላይ ምንም አይጨመርም፤ ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጭማሪው ኢምንት ነው። እንጅባራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ 8 በመቶ ያህል ይጨመርና 3ቱ ሚሊ ሜትር 3.24 ይሆናል። ከፍታ ከፍታ እየተባለ ብዙ ይወራል እንጂ ጭማሪው ይህችው ናት።

ዋናው ጣጣ ያለው ከገጹ ላይ ነው። ቦርዱ ላይ እርጥበትና አቧራ ሲያርፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሾልካል፤ በሾለከበትም እርጥበቱን ቦታ ቦታ እያደረቀ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጥራል። ብልጭታው ቦርዱን ያከስለዋል፤ የከሰለውም ራሱ ኤሌክትሪክ አሳላፊ ይሆንና መንገዱ ከቀን ወደ ቀን ይረዝማል። በደረቅና ንጹሕ ክፍል ለተለመደው የመስታወት ጭረት ቦርድ 2.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ እርጥበትና ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ አቧራ ባለበት ግን 4 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ሰውን ለመጠበቅ ሲሆን ሁለቱም በእጥፍ ይታሰባሉ፤ 5 እና 8 መሆናቸው ነው። የአዊን ክረምት የሚያውቅ፣ በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ግራር የሚከሰለውን ከሰልና ብናኙን ያየ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ አያጠራጥርም። በበኩላችን 8ቱን እንይዛለን። 8 ከተያዘ የከፍታው 3.24 በውስጡ አለ።

እንግዲህ በ220ውና በ12ቱ መካከል 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ መዳብም ብሎንም የማይገባበት ባዶ መንገድ በቅድሚያ ይሰመር። ቦታ ከጠበበ በመካከሉ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ቢቆረጥ የገጹ መንገድ ዙሮ ስለሚሄድ ይረዝማል። የአየሩ ርቀት ግን በስንጥቁ አይጨምርም። በ220ው ወገን ውስጥ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የ12 ቮልቱን በተመለከተ፣ አይፒሲ 2221 የተባለው የቦርድ ንድፍ ደንብ 0.1 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል፤ በእስክሪብቶ ለሚሥል ሰው ግን 1 ሚሊ ሜትር ይመቻል።

ፋብሪካ የሠራው ቦርድ አረንጓዴ ቀለም አለው፣ የእኛው ግን ራቁቱን ነው። መዳቡን የበላው ፌሪክ ክሎራይድ በሚገባ ካልታጠበ የሚቀረው ጨው እርጥበት ይስባል፤ የብየዳው ቅባትም እንዲሁ። ከሁሉ በፊት ትራንስፎርመሩ ይታይ፤ የ220ና የ12 እግሮቹ እርስ በርስ ከ8 ሚሊ ሜትር ከቀረቡ የቦርዱ መስመር ምን ቢሰፋ አይረዳም፣ ሌላ ትራንስፎርመር መፈለግ ነው። ርቀቱም የሚለካው ከቀዳዳው መሐል ሳይሆን ከመዳቡ ጠርዝ ነው፤ ብየዳው ተንዘርፍፎ ያጠበበው እንደሆነ ስለማይታወቅ ከብየዳ በኋላ ዳግመኛ ይለካ።