ዱቤው ሳይጻፍ ዘካው አይታወቅም

ከዐሥር ሰላት በኋላ ሲኒማ ራስ አካባቢ መቆሚያ ይጠፋል። ቴምር የሚገዛው፣ ለዒድ የልጆች ልብስ የሚያማርጠው፣ ለኢፍጣር ለመድረስ ታክሲ የሚሻማው ሁሉ አንድ ላይ ነው። በዚህ ጥድፊያ መሐል ብዙው ግብይት በመተማመን ይካሄዳል። «ያዝልኝ፣ ከዒድ በኋላ» ይባልና ዕቃው ይሄዳል፤ ሒሳቡ በጭንቅላት ወይም በካርቶን ቁራጭ ላይ ይቀራል።

መተማመኑ የመርካቶ ጌጥ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ረመዳን ብዙዎቻችን ዘካ የምናሰላበት ወር ነው፤ ያልተጻፈ ደግሞ አይሰላም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ በቀጠሮ የሚከፈል ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ያዛል፤ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ መጻፉ እንዳይሰለቸን ያሳስባል። የሚያስጽፈውም ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ዱቤ ስንሰጥ መጠኑንና የመክፈያውን ቀን ገዢው ራሱ ተናግሮ ይፈርም። እጅ በእጅ የሆነውን ንግድ አለመጻፍ ተፈቅዷል፤ ለዘካና ለግብር ግን እሱንም መመዝገብ ይጠቅመናል።

አመዘጋገቡ ከባድ አይደለም። ደብተር ላይ አራት ዓምድ እናሰምር፦ ቀን፣ የሒሳቡ ስም፣ ዴቢት፣ ክሬዲት። የገባው ነገር በዴቢት፣ የመጣበት ምንጭ በክሬዲት ይጻፋል፤ ሁለቱ ጎኖች ሁልጊዜ እኩል ይሆናሉ። የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ይህን ዘዴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ በ40,000 ብር ጨርቅ ገዛ እንበል፤ ግማሹን ከፈለ፣ ግማሹን በዱቤ ወሰደ። ግዢ 40,000 በዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ 20,000 እና የሚከፈል ዕዳ 20,000 በክሬዲት ይሰፍራሉ። በማግስቱ የ12,000 ብር ሸጠ፤ 7,000 ተቀበለ፣ 5,000 በዱቤ ቀረ። ጥሬ ገንዘብ 7,000 እና ተሰብሳቢ 5,000 በዴቢት፣ ሽያጭ 12,000 በክሬዲት ይሆናል።

በረመዳን የሚረሳ ሌላ መስመርም አለ። ከመሳቢያው 1,500 ብር ተወስዶ ለኢፍጣር አስቤዛ ይገዛል። ይህ የሱቁ ወጪ አይደለም፤ «የቤት ወጪ» ተብሎ በዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ በክሬዲት ይመዘገባል። ካልተጻፈ ሒሳቡ ሲጎድል ጥርጣሬው ምንም ባላጠፋው ሠራተኛ ላይ ይወድቃል።

የዘካ ቀናችን ሲደርስ የሚሸጠውን ዕቃ ቆጥረን በዕለቱ ዋጋ እንተምናለን፤ መደርደሪያውና ሚዛኑ አይቆጠሩም። ዕቃው 3,000,000፣ ጥሬ ገንዘቡ 600,000፣ እንደሚከፈለን የምንተማመንበት ዱቤ 400,000 ብር ቢሆን ድምሩ 4,000,000 ነው። መክፈያው የደረሰ 800,000 ብር ዕዳ ሲቀነስ 3,200,000 ይቀራል። ይህ ኒሷብ ከሞላ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት፣ ዘካው 2.5 ከመቶ፣ 80,000 ብር ነው። መከፈሉ በሚያጠራጥር ዱቤ ላይ የዑለማዎች አስተያየት ስለሚለያይ በአቅራቢያችን ያለውን ዓሊም እንጠይቅ።

የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ የግብሩ ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሂጅራውንና የኢትዮጵያን ቀን ጎን ለጎን ብንጽፍ አንዱ ደብተር ለሁለቱም ይበቃል።

ትልቁ ጉዳይ ግን የሰው ሐቅ ነው። ነጋዴ በድንገት ቢሞት፣ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው መከፈል አለበት። ማን ምን እንዳለበት የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ከነበረ፣ ወይ አበዳሪው ሐቁን ያጣል፣ ወይ ልጆቹ ያልነበረ ዕዳ ይከፍላሉ።

ከተራዊህ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። አባት ይናገር፣ ሒሳብ የምትማረው ልጅ ትጻፍ፣ እናትም ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ ትወቅ። ከዛሬ ግብይት እንጀምር።