የአቀንጭራ ታሪክ ከመሬት በታች ይሳል

«አቀንጭራን ብቅ ሲል መንቀል ነው፤ ሌላ መላ የለውም» የሚለው ወሬ ዛሬም አልበረደም። ስለዚሁ ጥገኛ አረም የሚለጠፈው ፖስተርም ያንኑ ያጸናል፦ ሐምራዊ አበባ፣ አጠገቡ የጠወለገ ማሽላ። አበባው እኮ የታሪኩ መጨረሻ ነው! አረሙ ከአፈር የሚወጣው የማሽላውን ሥር ለሳምንታት ሲመጠምጥ ከከረመ በኋላ ነው። ዘር ሳያፈራ መንቀሉ የከርሞውን ይቀንሳል፤ የጎብዬና የቆቦ ገበሬ የዘንድሮ ምርት ግን ዓይን በማያየው ቦታ አልቋል።

ስለዚህ አፈሩን ሰንጥቆ የሚያሳይ፣ የሚያስቅም ሥዕል ያስፈልጋል። ሳቁን ከውጭ መበደር አያሻም። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው አጋዥ ፈንገሶችን ለመጥራት ከሥሩ ስትራይጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ይለቃል። እንደ ትቢያ የደቀቀው፣ ከአሥር ዓመት በላይ አድፍጦ መቆየት የሚችለው የአቀንጭራ ዘር ጥሪውን ጠልፎ ይበቅላል። ስንቁ ትንሽ ነው፤ በቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል።

አሁን በማሽላው ቦታ ጥጥ ይዘራ። የጥጥ ሥርም ይጣራል፤ ከስትራይጎላክቶኖች አንዱ የሆነው ስትራይጎል እ.ኤ.አ. በ1966 ተለይቶ የታወቀው ከጥጥ ነው። ጥጥ ግን አቀንጭራን አይመግብም። ያልተጠራው ሰርገኛ ከበሮ ሰምቶ እየሮጠ ይመጣል፤ ድንኳኑ አለ፣ ድግሱ የለም። ሦስት ሥዕል ይበቃዋል። እዚህ ላይ የሳቀ ሰው ሰብል ማፈራረቅ ለምን እንደሚጠቅም ገብቶታል፤ ፊደል ባይቆጥርም። ከትምህርቱ ጋር ያልተያያዘ ቀልድ ግን ሐሳብ ይሰርቃል፤ ፖስተር ላይ አስቂኝ ፊት መለጠፍ ዋጋ የለውም። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ለገበሬዎች በትንንሽ ፕሮጀክተር ፊልም ሲያሳይ ኖሯል፤ እንዲህ ያለው ሥዕል ለዚያ ይመቻል።

የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥራ ውጤት የሆኑት «ጎብዬ» እና «አብሽር» ማሽላዎችስ? ጥሪያቸው የአቀንጭራን ዘር የመቀስቀስ አቅሙ ደካማ ነው። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት በማሽላ ምርምራቸው ነው። ሆኖም መቋቋም ማለት ፈጽሞ አለመያዝ አይደለም፤ የአቀንጭራው ዓይነትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጥጥም ቢሆን በአንድ ክረምት አፈሩን አያጠራም። አገዳውም አለ፦ ረጅሙ የአገር ማሽላ ለከብት፣ ለአጥር፣ ለማገዶ ይሆናል፤ እንደ እነዚህ ያለው አጭር ዝርያ ያን ያህል አይሰጥም። ይህን የዘለለ ሥዕል ገበሬው አያምነውም።

ሥዕሉ ሳይታተም ለጎብዬ ገበሬዎች ይታይ። ሁለተኛው ሥዕል ላይ ቀጥሎ የሚሆነውን ገምተው ከሳቁ ይታተም፤ ካልሳቁ ሠዓሊው ይድገመው።