ላሊበላን ላየ ቤተሰብ ላስታ ይቀረዋል

ቤተሰብን ይዞ አገር ለማየት መውጣት በእኛ ዘንድ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ካልሆነ በቀር አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ተነሥተው አውቶቡስ የሚሳፈሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህ የሚለየው የንግሥ በዓል ብቻ ነው። ላሊበላ ሲነሣም አብዛኞቻችን በዓሉን እንጂ አገሩን የማናስበው በዚሁ ምክንያት ይመስላል። በልደት ዋዜማ ደርሰን፣ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ሲሉ ሰምተን፣ በነጋታው ጓዛችንን ሸክፈን እንመለሳለን። እናቴ በ1999 ዓ.ም. ለልደት ሄደው ሲመለሱ ምን እንዳዩ ብጠይቃቸው "የሰው ጀርባ" ብለውኛል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እናቴንና የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ወደዚያው ያመራሁት ይህን ጀርባ ለማሳለፍ ነበር። ለቸኮለ አውሮፕላን አለ፤ እኛ ግን የሄድነው በመኪና ነው። በደሴ በኩል ወልድያ ገብተን አደርንና በማግሥቱ የድልብን ዳገት ወጥተን፣ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሜዳውን ጨርሶ ወደ ቁልቁለት ይወርዳል፤ የላስታ ተራሮች አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተደርድረው የሚታዩትም እዚያ ላይ ነው።

ስለ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ስለ ተጻፈ በዚህ ላይ አናበዛም። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በዛጔው ንጉሥ በላሊበላ ስም የሚጠሩ፣ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ላሊበላ ሲሆን፣ በዚያው በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም አብሮ ተመዝግቧል። በ16ኛው መቶ ዓመት ያያቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የበለጠ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ መፍራቱን በመጽሐፉ ገልጿል። ልጄ ግን ያመነችው ወዲያውኑ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችና "ድንጋዩን የት ጣሉት?" ስትል ጠየቀች። ይህን ጥያቄ እኛ ትልልቆቹ አላሰብነውም ነበር።

ለሴት አንባቢዎቻችን ግን ሊነገሩ የሚገባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ያለው አረንጓዴ ውኃ ነው። ልጅ ያልወለዱ እናቶች በልደት ጊዜ በገመድ ታስረው ወደዚህ ውኃ ይወርዳሉ። እኛ ስንደርስ ኩሬው ጭር ብሎ ነበር፤ እናቴ ግን ዳሩ ላይ ብዙ ቆሙ። ከእኔ በፊት ሰባት ዓመት ሳይወልዱ መቆየታቸውን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛው ቤተ ጎልጎታ ነው። የንጉሡ መቃብር በውስጡ እንዳለ የሚነገርለትና ቁመታቸው ከሰው የማያንስ የቅዱሳን ምስሎች በግድግዳው ላይ የተቀረጹበት ይህ ቤት ሴት አይገባበትም። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ልትገባ ስትል አንድ ካህን በቀስታ መለሷት። "ለምን?" ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ መልስ ስላልነበረኝ ወደ እናቴ ዞርሁ። እናቴ "ሥርዓቱ ነው፣ ልጄ" ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ ሦስታችንም በራፉ ላይ ቆየን።

ሦስተኛው ቤተ አባ ሊባኖስ ነው። አራቱም ጎኑ ከአለቱ ተለይቶ ጣሪያው ብቻ ከተራራው ጋር እንደ ተያያዘ ይገኛል። ንግሥት መስቀል ክብራ ለባሏ መታሰቢያ በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው ይተረካል። አስጎብኚያችን ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ልጄ "ታዲያ እሷስ ጎልጎታ ትገባ ነበር?" አለችው። አስጎብኚው ሣቀ። እናቴ አልሣቁም።

አብዛኛው እንግዳ እዚህ ላይ ጉብኝቱን ፈጽሞ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ላስታ የሚጀምረው ከከተማው ከወጡ በኋላ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በሁለተኛው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ያለውን ነአኩቶ ለአብን ተሳልመን (ከዋሻው ጣሪያ እየተንጠባጠበ በድንጋይ ገበታዎች የሚጠራቀመው ጠበል መቼም አይረሳም) ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድን። ከላሊበላ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መኪናው ካቆመበት በጽድና በወይራ ደን መካከል ሽቅብ ጥቂት ተጓዝን። ዋሻው አፉን ከፍቶ ሲታይ ውስጡ የተቀመጠው ሕንፃ ለመጀመሪያ ጊዜ ላየው ሰው የቤት ውስጥ ቤት ይመስላል። እንደ ላሊበላዎቹ የተፈለፈለ ሳይሆን በጥንቱ የአክሱም አሠራር አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ እየተደረበ የተገነባ ነው። ያሠራው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ ካህን ነበር ይባላል። አባቶች እንደሚተርኩት ሕንፃው ያረፈው በውኃ ላይ ነው። ከበስተኋላው፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ፣ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው የቀሩ የብዙ ምእመናን አፅም ተጋድሞ ይታያል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ለልጆቹ መንገር ይበጃል፤ እኔ ሳልነግራት ቀርቼ ልጄ ያን ሌሊት እናቴን አቅፋ ነው ያደረችው።

በሦስተኛው ቀን አሸተን ማርያም ወጣን። ከከተማው በላይ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ስለሆነ ለእናቴ በቅሎ ተከራየን። በጠባቡ የገደል መንገድ ላይ በቅሎዋ ዳር ዳሩን ስትይዝ እናቴ ዓይናቸውን ጨፍነው "እመቤቴ" ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከቤተ ክርስቲያኑ አልፎ ያለው ሜዳ በጭላዳ መንጋ የተሞላ ነበር። ጭላዳ ከአገራችን በስተቀር በዓለም የትም የማይገኝ፣ ሣር እየነጨ የሚኖር እንስሳ ነው። ልጄ ግልገሏን በጀርባዋ የተሸከመችውን እናት ጭላዳ እያሳየች "እንደ እኛ ታዝላለች!" አለች። ከዚያ ወደ ላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ጅብራና ጓሳ የሚበቅልበት፣ በዓለም ላይ ከቀሩት 500 ያህል ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ የሚኖሩበት ነው። እዚያ ለመድረስ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ተራራ ላይ ማደር ያስፈልጋል፤ እኛ ጊዜያችን ስላለቀ በዓይናችን ብቻ ተሰናበትነው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስንመለስ መንገድ ዳር ካለች ጎጆ አንዲት እናት ብቅ ብለው "ግቡ፣ አረፍ በሉ፤ እማማ ደክሟቸዋል" አሉን። የገብስ ቆሎና ጠላ ቀረበ፣ ቡናም ተፈላ። ባለቤታቸው የእናቴን በቅሎ የሳበው ሰው ነበር። እሳቸው ቡና እያፈሉና ፈትላቸውን ለከተማ ሸማኔ እየሸጡ አራት ልጆች ያስተምራሉ። በዚህ መንገድ የሚያልፈው እንግዳ አብዛኛው የውጭ አገር ሰው መሆኑን፣ የአገሩ ሰው ግን ታች ተሳልሞ እንደሚመለስ ሲነግሩን ቅሬታ አላሰሙም። እንደ ተራ ነገር ነበር ያወሩት። እኔ ግን ሒሳቡን በልቤ አሰላሁ። አንድ ቤተሰብ አንድ ሌሊት ጨምሮ ሲያድር የሚጠቀመው ሆቴሉ ብቻ አይደለም። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ፈታይዋ፣ ቡና አፍይዋ፣ ሁሉም ከዚያች ሌሊት ድርሻ አላቸው። ከጦርነቱ በፊት በመቄት በኩል ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተሠርተው እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይጓዝ የነበረውም በዚሁ አሳብ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይታወቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ እንግዳ ጠፋ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ስልክና መብራት ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ስለዚህ መንገድ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ የጸጥታውን ሁኔታ በአካባቢው ካለ ሰው ማጣራት ይኖርበታል፤ ከልጅና ከአረጋዊ ጋር በግምት አይነሡም።

ለሚሄዱት ጥቂት ምክር እንለግስ። ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የጥር ሌሊት ይበርዳል፤ ጋቢ አይረሳ። ጫማ የሚወልቀው በየበራፉ በመሆኑ ለማውለቅ የማያስቸግር፣ ለዳገትም የሚጠነክር ይመረጥ። ወፍራም ካልሲ ይያዝ፤ በቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ውስጥ ያለው ቁንጫ እንግዳና ባለቤት አይለይም። ለጨለማው የመተላለፊያ ዋሻ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ከምንም ይሻላል። ጉልበቱ የደከመ ሰው ካለ በቅሎ ከዋዜማው ይታዘዝ፣ ዋጋውም ከመውጣት በፊት ይቆረጥ። አብያተ ክርስቲያናቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞከር፤ በሁለት ይከፈል።

ለቡና አፍይዋ እናት የላክንላቸው ፎቶግራፍ ስለ መድረሱ ለረጅም ጊዜ ወሬ አልነበረንም። ስልካቸው የተነሣው ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በኋላ ነው። ሁሉም በሕይወት መኖራቸውን፣ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ መለጠፉን ነገሩን። በቅሎዋ ግን ለእህል ተሸጣለች። "እናትሽ ይምጡ እንጂ፣ በቅሎ ከጎረቤት አይጠፋም" አሉኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራቸው ጉልበታቸውን አሻሹና "መንገዱ ይርጋ እንጂ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው የሚሻለው" አሉ።