መጀመሪያ ማደሪያው

ለኮንትራት ሾፌር ድንገተኛ ጉዞ ማለት በአብዛኛው ለቅሶ ነው። ስልኩ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይጮኻል፤ ደዋዩ ሰላምታውን ያሳጥራል፤ «ነገ ቆቦ የሚያደርሰን መኪና ይገኛል?» ይላል። ለቀብር የሚሯሯጥ፣ ቀብሩ ካመለጠው ደግሞ ለሰልስቱ የሚቻኮል ቤተሰብ ነው። በጥር ሰርጉ፣ በነሐሴ አጋማሽ የልጃገረዶቹ ሶለል፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ገናን ላሊበላ ማክበር ይጨመርበታል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ደግሞ ከአጭሯ ፈቃዱ ሁለት ቀን ቆርሶ «ሳልነግራቸው ልድረስባቸው» ብሎ ይነሳል። ሁሉም የሚጠይቁኝ «በስንት ሰዓት እንነሳ?» ብለው ነው። እኔ የምመልሰው «የት ነው የምታድሩት?» ብዬ ነው።

ጥያቄው ብዙዎችን ያናድዳል። «አልጋ የትም ይገኛል፣ አንተ ብቻ ንዳ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በዚህ መስመር አልጋ የሌለበት ከተማ የለም። ግን በቅናሽ ዋጋ፣ በሰላም የሚታደርበት አልጋ የሚገኘው ቀን ሳለ ለደረሰ ሰው ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አሥር ሆኖ የሚገባ ቤተሰብ የተባለውን ይከፍላል፤ ወይም ሴቶቹን አንድ ክፍል አጭቆ ወንዶቹ መኪና ውስጥ ያድራሉ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130፣ ደሴ 400፣ ወልዲያ 520፣ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቁጥሩ ብቻ ሲታይ የአንድ ቀን መንገድ ይመስላል። ሰላም በሆነበት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆቦ ይገባልም። መንገዱ ግን ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር፣ ጣሊያን የበሳውን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከወልዲያ በኋላ አላውሃን ተሻግሮ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ራያ ሜዳ ይወርዳል። በመሀሉ ተሳቢ ዳገት ላይ ይቀድምና ያጓትታል፤ ኬላ ላይ መታወቂያ ይታያል፤ አንዷ እናት ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳትገዛ አታልፍም። (ስለ ሮቢት ካነሳሁ አይቀር፦ ከመኪና ውስጥ «ሮቢት ደርሰናል» ብላችሁ ለቆቦ ሰው አትደውሉ። ሸዋ ሮቢት ሆናችሁ ደውላችሁ፣ እነሱ የቆቦዋ ሮቢት መስሏቸው ቡና አፍልተው የሚጠብቁበት ጊዜ አለ።)

ስለዚህ የምነዳው በሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ደብረ ብርሃን ይደር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ይያዝ፤ ነገር ግን የጣርማ በርን ጉም በጨለማ ከመውረድ ይሻላል። ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካዎቹ ከመጡ ወዲህ በከተማዋ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጎን ፔንሲዮን በዝቷል፤ ዋናውን አስፋልት ትቶ ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ዋጋው ሲቀንስ ያያል። በጠዋት የተነሳ ሆኖ 9 ሰዓት ሳይሞላ ደሴን ያላለፈ ቆቦን ይርሳ፤ ወልዲያ ያድራል። ኮምቦልቻ ላይ 10 ሰዓት ያለፈበት ኮምቦልቻ ይቅር፤ ከደሴ ዝቅ ያለች፣ ብርዷ የማይከብድ፣ የከባድ መኪና ሰው የሚያዘወትራት ከተማ ስለሆነች ግቢ ያለው ርካሽ አልጋ አይጠፋባትም። ጊዜ ላለውና ለለቅሶ ላልሆነ ጉዞ ሐይቅ ደስ ይላል፤ ዓሣ ይበላል፣ በማግስቱ እስጢፋኖስን ተሳልሞ መንገድ መቀጠል ይቻላል። በመስከረም 21 ዙሪያ ግን የግሸን ምእመን ደሴንና አካባቢዋን ስለሚሞላ በዚያ ሰሞን በደፈናው የሄደ ይቸገራል።

ወልዲያ ወይስ ቆቦ? ብዙ የሚያከራክረን ይህ ነው። በመሀላቸው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። ወልዲያ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ግድግዳው ሌሊትም ሙቀት ይተፋል። ደጋ የለመዱ አዛውንት ከያዛችሁ ወልዲያ አሳድራችሁ ጠዋት ብትወርዱ እመርጣለሁ። ለለቅሶ የምትሄዱ ከሆነ ግን ቀብሩ ሰዓት አለውና ቆቦ መግባት ግድ ይሆናል።

ቆቦ አልጋ ስትይዙ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር እንድትጠይቁ እለምናለሁ። አጎበር አለ ወይ? ወባ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አገር በሽታ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይብሳል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ወባን ለምዶ አያውቅም፤ በወጉ ያልታሰረ አጎበር ስር የተቆጠበው ብር በኋላ ጤና ጣቢያ ይከፈላል። ቀጥሎ ውሃ፦ «ባለ ሻወር» የተባለው ክፍል ቧንቧ ላይኖረው ይችላል፤ በርሜል ሞልቶ፣ ባልዲና ጆግ አስቀምጦ የሚያከራይ ሐቀኛ የአልጋ ቤት ከደረቀ ሻወር ይበልጣል። ሦስተኛው ግቢ ነው፦ መኪና የሚያስገባ በርና ዘበኛ። ቴሌቪዥን፣ ምንጣፍና ምናምን የሚጠይቅ ሰው ስሰማ ዝም እላለሁ።

ድሮ በደብተሬ የያዝኳቸው የአልጋ ቤት ስልኮች አብዛኞቹ ዛሬ አይሠሩም። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ እንደገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ የገባባት ከተማ ናት። የተዘረፈ፣ የተዘጋ፣ ባለቤቱ የተለወጠ ቤት ብዙ ነው። በ2013 መግቢያ ደግሞ አንበጣው የራያን ማሽላ በልቶት ነበር፤ ያ ሕዝብ በላይ በላዩ የተጫነበትን አስቡት። እና ዛሬ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የአልጋ ቤት ባለቤት ላይ መጮህ ያሳፍረኛል። ዋጋ መከራከር ሌላ ነው፤ ተከራከሩ። ሁለት ሌሊት ለምታድሩ፣ ሦስት ክፍል ለምትይዙ ይቀንሱላችኋል። ከውጭ የመጣው ዘመዳችሁ ግን ክርክሩን ትቶ መኪና ውስጥ ይቆይ፤ ጫማውን ያየ ዋጋ ይጨምራል።

መንገዱ ራሱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። እኔ የማምነው ያን ዕለት ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሾፌርን ነው፤ ላምበረት መናኸሪያ ሄዶ ከወልዲያ የገባ አውቶቡስ ሾፌር ማነጋገር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከሰማው ሰው የሰማ ሰው አይጠቅምም። ዋናው መስመር ሲያስቸግር በአዋሽ፣ በሚሌና በጭፍራ አድርጎ ሐራ ላይ ወጥቶ ወልዲያ የሚገባ የአፋር መንገድ አለ። ይረዝማል፣ ሙቀቱም አይቻልም፤ ነዳጁም ማደሪያውም ይጨምራል። «መንገድ የለም፣ በዚህ ቀን አትሂዱ» የምልበት ጊዜም አለ። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ይህን መናገር ከባድ ነው፤ ሥራ ስለሚያሳጣ ለሾፌርም ይከብዳል። ሰልስት ያመለጠው ለአርባ ይደርሳል።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ቴሌብር ጥሩ ነው፣ ነዳጅም በእሱ ይቀዳል፣ ቀብድ ልኮ አልጋ ለማስያዝም አንደኛ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ስልክ ጡብ ይሆናል። ነዳጅ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ይሞላ። ከዚያ ወዲያ ማደያ ደርቆ ካገኛችሁ በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት ይመጣል፤ ዋጋውን ተዉት፣ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል። መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፤ ለኬላውም ለአልጋውም ነው። በረመዳን ከሚሴና አካባቢው ቀን ምግብ ቤት ክፍት ላታገኙ ስለምትችሉ ስንቅ ቋጥሩ። በጥቅምት ከሆነ ራያ ስትገቡ እሸት ማሽላና ጥንቅሽ መንገድ ዳር አለ፤ ልጆቹን ዝም ያሰኛል።

አሁን ወደሚያጨቃጭቀው ልግባ። ቆቦ ዘመድ ያለው ሰው አልጋ መያዝ እንደ ስድብ ይቆጠርበታል። «እኔ እያለሁ አልጋ ቤት?» የምትል አክስት ፊት መቆም ቀላል አይደለም። ራያ እንግዳውን በደጅ አያሳድርም፤ በለቅሶ ቀን እንኳ ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ እንጀራ ተሸክሞ መጥቶ ያስተናግዳል። ሆኖም አሥራ ሁለት ሰው ከአዲስ አበባ ወርዶ ሐዘን ላይ ያለ ቤት ሲያድር፣ ውሃ በጀሪካን የሚቀዳው ማን ነው? የዚያ ቤት ልጆች። ፍራሹን ለእኛ ለቅቀው መሬት የሚተኙትስ? እኔ ለደንበኞቼ የማቀርበው ስምምነት አለ፦ ሁለቱ ሽማግሌዎች ወይም የሟች የቅርብ ዘመድ እዚያው ይደሩ፤ የቀረው እስከ ምሽት አብሮ ቆይቶ ከተማ ሄዶ ይተኛ፣ ጠዋት ተመልሶ ይቀመጥ። «መኪናው ግቢ ማደር አለበት፣ ሾፌሩ አልፈቀደም» በሉ። ጥፋቱን እኔ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለዚህ ነው የተከፈለኝ። ለአልጋ ታወጡት ከነበረው ግማሹን ለለቅሶ ቤቱ አስገቡት።

ገንዘብ የሚባክነው ደግሞ አልጋ ላይ አይደለም። የኮንትራት ሒሳብ ሲጻፍ የቀን ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የሾፌር አበል አለ፤ መኪናው የቆመበትም ቀን ይቆጠራል። ከለቅሶ ወጥቶ «አላማጣ ደርሰን እንመለስ፣ እግረ መንገዳችንን ላሊበላን እናሳያቸው» የሚል ሐሳብ ቆቦ ላይ ይወለዳል። አላማጣ በዋጃ በኩል ቅርብ ናት፤ ላሊበላ ግን ወልዲያ ተመልሶ፣ የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ በጋሸና መታጠፍ ነውና ቀኑን ሙሉ ይበላል። ይህ ካለ ከአዲስ አበባ ሳንነሳ ይነገር። መንገድ ላይ የተጨመረ አንድ ቀን የሁላችሁን የአንድ ሌሊት አልጋ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ቆጥቦ፣ አስልቶ፣ አልጋውን ሁሉ በየሰው ከፋፍሎ ሲያበቃ ሾፌሩን የሚረሳ ቤተሰብ አጋጥሞኛል። «አንተ መኪናውን እየጠበቅህ ጋደም በል» ይሉታል። ቆቦ ላይ መስኮት ከተዘጋ ሙቀቱ፣ ከተከፈተ ትንኙ አያስተኛም። ያ ሰው በማግስቱ 570 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ጣርማ በርን ሽቅብ የሚወጣው አመሻሽ ላይ፣ ጉሙ ሲወርድ ነው፤ ከኋላው የተቀመጡት የእናንተ እናትና የእናንተ ልጆች ናቸው። አልጋ ስትቆጥሩ አንዱን አጎበር ያለው ክፍል ለሾፌሩ ያዙለት፣ በጊዜም ይተኛ።