አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?

ስለ ውሸት ለልጆቻችን ደጋግመን የምንነግራቸው «አትዋሹ» የሚለውን ነው። ተገቢ ትምህርት ነው፤ ከወሬ ግን አያድናቸውም። አሉባልታን ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰማውን አምኖ የሚናገር ሰው ነውና። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ አዲስ ዓለም፣ ለጤና ጥናት ትምህርት ቤት የገቡ ሁለት ተመራማሪዎች «በክትባት ስም ልጆቻችንን እየመረዙ ነው» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። ያን ወሬ ከተቀባበሉት መካከል ብዙዎቹ ዋሸሁ ብለው ያሰቡ አይመስለኝም፤ ልጄ ሊሞትብኝ ነው ብለው የደነገጡ ናቸው። «አትዋሽ» የሚለው ተግሣጽ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያቆምበት አቅም የለውም። የሚያቆመው «ማን አየ? ከማን ሰማህ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ እሱ ደግሞ በልጅነት ካልተለመደ በድንጋጤ ሰዓት አይመጣም።

ወሬ ጆሮ ስለሳተ ብቻ አይጣመምም። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሥዕል ያየ ሰው ላላየው፣ ያም ለሌላው እንዲነግር ያደርጉ ነበር። በሥዕሉ ላይ ምላጭ የያዘው ነጭ ሰው ነው፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ግን ምላጩ ብዙ ጊዜ በጥቁሩ ሰው እጅ ተገኘ። ተናጋሪዎቹ ቀድሞ በልባቸው የነበረውን ነው የሰሙት። ስለዚህ መምህራን ልጆችን ደርድረው አንድ ዓረፍተ ነገር በጆሮ ሲያቀባብሉ፣ ጨዋታውን በሳቅ ብቻ ባይዘጉት እመርጣለሁ። «ነገ ሐኪሞች ጥርስ ሊያዩ ይመጣሉ» ተብሎ የተጀመረው መጨረሻው ላይ «ጥርስ ሊነቅሉ» ሆኖ ከወጣ፣ ለምን ወደሚያስፈራው እንደዞረ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

በጅማ ኪቶ ፉርዲሳም ሆነ በአጋሮ ልጅ የወሬን መንገድ የምትማረው ቡና ዙሪያ ነው። ጎረቤት ጠርታ የምትመጣው እሷ ናት፤ ፈንዲሻዋን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከአቦል እስከ በረካ የተባለውን ሁሉ ትሰማለች። ሐዘንተኛ የሚጽናናበት፣ የታመመ ሰው ወሬው የሚጠየቅበት ይህ ጉባኤ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን «የእገሌ ልጅ እንዲህ ሆነች አሉ» ሲባል «ማን አየ?» ብሎ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ብትሰማ፣ ከአሥር ተግሣጽ ይበልጥባታል።

«ማን አየ?» ማለት የለመደች ልጅ ትልቅ ሰው ትዳፈራለች የሚሉ አሉ። «እትዬ፣ እርስዎ አይተው ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይሆንም። ልጅ ይህን ለመመዘን አይደርስም ለሚሉ ደግሞ የኡጋንዳ መልስ አለ፤ በ120 ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት በ2017 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ወጥቷል። ስለ ሕክምና የሚወራውን መመዘን ከተማሩት ልጆች 69 በመቶው ፈተናውን ሲያልፉ፣ ካልተማሩት ያለፉት 27 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ ወሬ አንዳንዴ እውነት መሆኑ ነው። የተደበደበች ወይም የተደፈረች ልጅ የምታወጣው የመጀመሪያ ቃል ለሰሚው ወሬ ይመስላል፤ «ዝም በይ፣ ሐሜት ነው» ካልናት ዳግም አትናገርም። ስለዚህ ልጆች እንዲለዩ የምንፈልገው ነገሩ ለማን እንደሚነገር ነው። ሊረዳ ለሚችል ሰው የተነገረ አቤቱታ ነው፤ ምንም ለማያደርግ ሰው ሁሉ የተበተነ ሐሜት ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤት ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ተመራማሪዎቹ በተገደሉበት በዚያው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ «ያመክናል» የሚል ወሬ ተከትሎታል። እናንተ የጅማና የአካባቢዋ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ወደ ግቢያችሁ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡ። ማን እንደሚመጣ፣ ምን ክትባት እንደሚሰጥ፣ ለምን እንደሆነ ለተማሪዎቹ ንገሯቸው፤ የሰሙትንም ክፉ ወሬ ሳይፈሩ ያውጡት፤ ማታ ለእናታቸው የሚነግሩት ያዩትንና ጠይቀው የተረዱትን ይሁን።